የግድያ መዝገብና የሽምግልና ዕርቅ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ከየት ይጀመር? (ወሎ)

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። በወንጀል ሕግና ወንጀል ፍትሕ የሁለተኛ ዲግሪ ኮርሴን ጨርሼ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ እየገባሁ ነው። ያስገባሁት ርዕስ «ባህላዊ የግጭት አፈታት በወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱ ውስጥ ያለው ሚና፦ በወሎ» የሚል ነበር። አማካሪዬ «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» ብለው መልሰውታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ተገድሎ፣ አበጋር (በደም ጉዳይ የሚያስታርቅ ባለ ማዕረግ) ወይም ሽማግሌ ገብቶ ደም ከደረቀ፣ ማለትም የገዳይና የሟች ወገን ከታረቀ በኋላ ክሱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ርዕሱን የት ልቁረጠው? ስንት መዝገብ ይበቃል? መዝገብ ለማየትስ ከማን ደጅ ነው የሚጀመር? ዳኞችንና ዐቃቤ ሕጎችን በማነጋገር ብቻ ቢሠራ የሚሻል የመሰላችሁ ካላችሁም ንገሩኝ።

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ርዕሱ ይድናል። መጀመሪያ «ሚና» የሚለውን አውጪው። ሚና አለው ወይ ከተባለ መልሱ «አለው» ነው፣ ጥናቱም እዚያው ያልቃል።

ዕርቅ የግድያ ክስን የሚነካበት ቦታ ሦስት ነው። አንደኛው ከክስ በፊት ነው፤ ምርመራው ይቀዘቅዛል፣ ምስክር አይገኝም፣ ዐቃቤ ሕግም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42 መሠረት ለማስቀጣት የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ አያስከስስም ይላል። ሁለተኛው ችሎት ላይ ነው፤ ለፖሊስ አየሁ ያለ ምስክር ዳኛ ፊት አላየሁም ይላል። ሦስተኛው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው፤ ዕርቁ እንደ ቅጣት ማቅለያ ይቀርባል። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ጥናቶች ናቸው፤ መረጃቸው የሚገኘው በተለያየ ቢሮ፣ የሚለኩበትም መንገድ የተለያየ ነው። በአንድ ዓመት ሦስቱንም እሠራለሁ ያለ ሰው ሦስት ግማሽ ጥናት ይዞ ይቀራል።

የሕጉ ማዕቀፍ አጭር ስለሆነ ከአሥር ገጽ በላይ አትስጪው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በባህላዊና በሃይማኖታዊ ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። አንቀጽ 78(5) ለባህልና ለሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ዕውቅና መስጠት እንደሚቻል ይናገራል፤ ስለ ወንጀል ግን አይልም። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 አጥቢያ ዳኛ እንዲያስታርቅ የሚያዘው ስድብ፣ ቀላል ድብደባ፣ ጥቃቅን የንብረት ጉዳትና ዋጋው ከአምስት ብር የማይበልጥ ስርቆት ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ለዕርቅና ለአማራጭ አካሄዶች በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ፖሊሲ ነው፣ ዳኛ አንቀጽ አድርጎ አይጠቅሰውም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚቀርብ ክስ ስላልሆነ የሟች ቤተሰብ ታረቅሁ ቢልም ክሱ አይቋረጥም።

የኔ ምክር ሦስተኛውን ያዢ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወረቀት ላይ ይገኛል።

ቦርከና

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ቅጣቱ ላይ ልጨምር።

የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 82(1)(ሠ) ከልብ መጸጸትን ጠቅላላ ማቅለያ ያደርገዋል፤ ተጎጂን መርዳት፣ እጅን ሰጥቶ ጥፋትን ማመንና ጉዳትን መካስ በምሳሌነት የተጠቀሱት እዚያው ነው። የዕርቅ ሰነድ በብዛት የሚሰካው እዚህ ፊደል ሥር ነው። ከዚህ ሌላ አንቀጽ 86 አለ፤ ሕጉ ያልዘረዘረውን ምክንያት ዳኛው በምክንያት አስደግፎ እንዲቀበል ይፈቅዳል። አንዱ ችሎት ዕርቅን በ82(1)(ሠ)፣ ሌላው በ86 ሊይዘው፣ ሦስተኛው «ማቅለያ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጥሩ የጥናት ጥያቄ ከዚህ ይወጣል፦ ተመሳሳይ ሰነድ ለምን በተለያየ አንቀጽ ተስተናገደ? ምክንያትስ ተጽፎለታል?

አሁን መዝገቡን እንክፈተው። አንድ የተዘጋ የግድያ መዝገብ ሲከፈት ክሱና የማስረጃ ዝርዝሩ አለ፤ ከዚያ የሕክምና ወይም የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰጠው ቃል ካለ እሱ፣ የምስክሮች ቃል የሰፈረበት የችሎት ውሎ፣ በአንቀጽ 142 መሠረት «ተከላከል» የተባለበት ብይን፣ የመከላከያ ማስረጃ፣ ፍርድና የቅጣት ውሳኔ ይከተላል። በፍርዱና በቅጣት ውሳኔው መካከል ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች የሚያነብ ተማሪ ትንሽ ነው። በአንቀጽ 149 መሠረት ዐቃቤ ሕግ ማክበጃ፣ ተከሳሽ ማቅለያ የሚያቀርቡት እዚያ ላይ ነው። የዕርቁ ወረቀት ከተያያዘ የሚገኘው እዚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ከግርጌው የሽማግሌዎች ፊርማና የጣት አሻራ፣ አንዳንዴም የቀበሌ ማኅተም። ቀኑን እይ። ከክሱ በፊት የተጻፈ ዕርቅና ከጥፋተኝነት ፍርዱ በኋላ ለቅጣቱ ተብሎ የተጻፈ ዕርቅ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ወረቀት የሌለው ዕርቅም ብዙ ነው። በዱዓና በምርቃት አልቆ ምንም ያልተጻፈ ከሆነ መዝገቡ ውስጥ ብቅ የሚለው ሽማግሌዎቹ የማቅለያ ምስክር ሆነው ሲቀርቡ፣ ወይም ጠበቃው በአንድ መስመር «ታርቀዋል» ብሎ ሲያመለክት ነው። ሰነድ ብቻ ፈልገሽ ከቆጠርሽ እነዚህ ያመልጡሻል።

የኮምቦልቻው

ስለ መረጃ መሰብሰቢያው እኔ ልበል።

መጀመሪያ የመዝገቦቹን ሙሉ ዝርዝር አውጪ። ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል መዝገብ መክፈቻ ላይ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 (ከባድ ግድያ)፣ 540 (ተራ ግድያ) እና 541 (ቀላል ግድያ) የተከፈቱትንና የተዘጉትን በሙሉ። ከዚያ ነው ናሙና የሚወሰደው። «ሬጅስትራሩ ያወጣልኝን 30 መዝገብ አየሁ» የሚል ጥናት ሬጅስትራሩን ያጠና ጥናት ነው።

ሙከራን አትቀላቅይ። 27 እና 540 ተብሎ የተከፈተ መዝገብ ተጎጂው በሕይወት ያለበት ነው፤ የሚታረቀው ራሱ ነው፣ የሚመሰክረውም ራሱ ነው። ሟች ባለበት ጉዳይ የሚታረቀው ወገን ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ብታስገቢ ውጤቱ ምን እንደሚል አይታወቅም።

ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የጥናት ኮድ (የመዝገብ ቁጥሩ በሌላ ፋይል ይቀመጥ)፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን፤ ክስ የቀረበበት ቀን፤ ፍርድ ቀን፤ የተከሰሰበት አንቀጽ፤ ጥፋተኛ የተባለበት አንቀጽ፤ የእምነት ክህደት ቃሉ፤ እጁን ሰጥቷል ወይስ ተይዟል፤ ካሳ ተከፍሏል ወይ፤ ዕርቅ ተነስቷል ወይ፤ በምን መልክ (ሰነድ፣ ምስክር፣ በቃል)፤ የዕርቁ ቀን፤ ዐቃቤ ሕግ ተቃውሟል ወይ፤ ችሎቱ የተቀበለበት አንቀጽ፤ የመነሻ እርከን (የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ቅጣትን የሚለካበት መወጣጫ)፤ ማቅለያዎቹ የቀነሱት እርከን፤ የመጨረሻ ቅጣት።

የተከሰሰበትና የተፈረደበት አንቀጽ ለየብቻ ዓምድ ይያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። በ540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ በ541 ግን ጣሪያው አምስት ዓመት ቀላል እስራት። በሥነ ሥርዓት ሕጉ 113(2) ከ540 ወደ 541 የወረደ ተከሳሽ ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ገና ቅጣት ላይ ሳይደርስ ነው። የቅጣት ማቅለያውን ብቻ የሚያይ ሠንጠረዥ ይህን ያጣዋል።

ጊዜውን አስቢው። አንድ የግድያ መዝገብ በደንብ ሲነበብ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል፤ የእጅ ጽሕፈቱ መጥፎ ከሆነ ይብሳል። በቀን 3 መዝገብ ብትዪ 90 መዝገብ 30 የሥራ ቀን ነው። በነሐሴና መስከረም የክረምት ዕረፍት ስለሆነ ተረኛ ችሎት ብቻ ነው የሚሠራው፤ የመዝገብ ቤቱንም ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከ60 እስከ 90 መዝገብ ለአንድ ሁለተኛ ዲግሪ ይበቃል፤ ጠቅላላው ከዚያ ካነሰ ደግሞ ናሙና አያስፈልግም፣ ሁሉንም አንብቢ።

አሥሩን መዝገብ ሌላ የሕግ ሰው ዓምዶቹን ይዞ ለብቻው ይሙላልሽ። «ችሎቱ የተቀበለበት አንቀጽ» የሚለው ላይ ካልተገናኛችሁ መጠይቁ ነው የተበላሸው፤ ሁሉንም ከጨረስሽ በኋላ ሳይሆን ያኔ ይስተካከል።

ቆቦ ሜዳ

ሁላችሁም ወደ ቅጣት ወሰዳችኋት፣ እንዲያው ለምን? ጉዳዩ ያለው ምስክሩ ጋ ነው። ደም ከደረቀ በኋላ ምስክሩ በገበያም በለቅሶም ከሁለቱም ወገን ጋር ይኖራል። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ጨለማ ነበር»፣ «ፖሊስ የጻፈው የኔ ቃል አይደለም»፣ «ሳይነበብልኝ ነው የፈረምኩት» ይላል።

ሕጉ ለዚህ መሣሪያ አለው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ቀርቦ ተአማኒነቱ ሊፈተሽበት ይችላል፤ ቃሉ ራሱ ግን እንደ ማስረጃ አይተካም። አንቀጽ 144 በቀዳሚ ምርመራ ፍርድ ቤት ፊት የተሰጠ ቃል ምስክሩ ሲሞት ወይም ሊገኝ ሳይችል ሲቀር እንዲነበብ ይፈቅዳል። ቀዳሚ ምርመራን አንቀጽ 80 ለከባድ ግድያና ለከባድ ውንብድና ግዴታ አድርጎታል። በሐሰት መመስከር ደግሞ በወንጀል ሕጉ 453 ያስጠይቃል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ምስክር ቃሉን በካደባቸው መዝገቦች ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ 145ን ጠየቀ? ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ቀዳሚ ምርመራ ተካሂዶ ከነበረ ውጤቱ ተለየ? ይህ ለተግባርም ይጠቅማል።

አሰባሰቡ ላይ አንድ ጥንቃቄ። «ምስክር አልመሰከረም» ብላችሁ በአንድ ቃል አትቁጠሩ። መጥሪያ ያልደረሰው፣ ደርሶት የቀረ፣ አገር የለቀቀ፣ የሞተ፣ ቀርቦ የካደ፣ ቀርቦ ግማሹን ብቻ ያለ፤ እነዚህ ስድስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክህደት ማለት የሚቻለው ቀድሞ የተሰጠው ቃል መዝገቡ ውስጥ ሲኖር ነው። የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ካልተያያዘ ንጽጽር የለም።

ጦሳ ሥር

ቆቦ ሜዳ፣ ሸጋ ርዕስ ነው፤ ግን አንድ እሾህ አለው። ምስክሩ የካደው በዕርቁ ምክንያት መሆኑን የፍርድ ቤት መዝገብ አይነግርሽም። ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ ፖሊስ በእርግጥ ያልተባለውን ጽፎ ሊሆን ይችላል፣ በሁለት ዓመት ቀጠሮ ረስቶም ሊሆን ይችላል።

ከዚያም የሚብሰው፣ ፍርድ ቤት የደረሰው መዝገብ ሽማግሌዎቹ ካለፉበት በኋላ የተረፈው ነው። ዕርቁ በደንብ የሠራባቸው ጉዳዮች ክስ ሳይሆኑ ቀርተው ይሆናል። ስለዚህ ከፍርድ ቤት መዝገብ ብቻ ተነስቶ «ዕርቅ ፍትሕን አያደናቅፍም» ወይም «ያደናቅፋል» ማለት የማይቻል ነው። ሦስቱን ደጃፍ ማየት ያስፈልጋል፦ በፖሊስ ጣቢያ የወንጀል መመዝገቢያውን፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮ አያስከስስም የተባለባቸውን ውሳኔዎች፣ በፍርድ ቤት የተከፈቱትን መዝገቦች። አንድን ዓመት ወስዶ «በፖሊስ ከተመዘገቡት ግድያዎች ስንቱ ክስ ሆነ፣ ስንቱ ፍርድ አገኘ» ብሎ መከተል ይቻላል። ለሐይቅ ዳር ግን ይህ የዶክትሬት ሥራ ነው።

የቅጣቱን ርዕስ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ጥያቄው «ጥፋተኛ ከተባሉት መካከል» ብሎ ስለሚጀምር በፊት የወደቁት ጉዳዮች አያፈርሱትም። ወሰኑን ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ በግልጽ ትጽፈዋለች፤ መጨረሻ ላይ «የጥናቱ ውስንነት» በሚል ሁለት መስመር አይደበቅም።

መዝገብ ቤት

መዝገብ ለማየት የሚኬድበት መንገድ፦

ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይወጣል። ደብዳቤው ላይ የጥናቱ ርዕስ፣ የሚፈለገው የመዝገብ ዓይነት (የተዘጋ፣ የወንጀል፣ አንቀጽ እየተጠቀሰ)፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነና የአጥኚዋ ሙሉ ስም መኖር አለበት። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ይመለሳል፤ ባይመለስም መዝገብ ቤቱ ምን እንደሚያወጣ አያውቅም። የሚገባው ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲመሩት ወደ ሬጅስትራር ይወርዳል። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፊ።

ይግባኝ ላይ ያለ መዝገብ አይሰጥም፤ ቢሰጥም ለዚህ ጥናት አይሆንም። የመጨረሻ ውሳኔ ያገኘ መሆኑን የምታውቂው ዋናው መዝገብ ከይግባኝ ከተመለሰበት ደብዳቤ ወይም የይግባኝ ጊዜው ማለፉን በማስላት ነው። ቅጣቱ በይግባኝ የተለወጠ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ያዢ።

ከሁሉ በፊት መዝገቦቹ በሙሉ መኖራቸውን አረጋግጪ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድም ጠፍቷል። በመክፈቻው ላይ ቁጥሩ ኖሮ መደርደሪያው ላይ የሌለ መዝገብ ካለ ቁጥሩን መዝግቢ። የጠፉት ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ችሎት ብቻ ከሆኑ ናሙናው ያጋደለ ነው። ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የነበረባቸውን ወራት ደግሞ ከመደበኛው ጊዜ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አይመከርም። ከ2008 እስከ 2012 ያለውን ብትይዢ ከጦርነቱም ከዚህ አዋጅም በፊት ያለ ጊዜ ነው፣ የጠፋ መዝገብ መኖሩን መፈተሽ ግን አይቀርም፤ መዝገቡም በብዛት የመጨረሻ ሆኗል።

መዝገብ ከክፍሉ አይወጣም። ፎቶ ማንሳት ካልተፈቀደ አታንሺ። ማስታወሻ በእጅ ወይም በላፕቶፕ ይያዛል።

አወያይ

ክሩ እየጠቀመ ነው፣ ቀጥሉ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የተከሳሽ ወይም የሟች ስም፣ የቀበሌ ስም እዚህ አትለጥፉ። በጽሑፋችሁም ቢሆን በትንሽ ቀበሌ «በ2010 ሁለት ወንድማማቾች የተገደሉበት» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። ደም ገና የደረቀበት ሰፈር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቡት።

ከሚሴ ማዶ

ስለ ዕርቁ ራሱ ትንሽ። «ባህላዊ ሽምግልና» ብሎ ሁሉን በአንድ ከረጢት መክተት ወሎ ላይ አይሠራም። አበጋር በደም ጉዳይ የሚገባ፣ ብዙ ቦታ ከአባት የሚወረስ ማዕረግ ነው። ራያ ቆቦ ላይ ዘወልድ አለ። ከእነዚህ ውጭ ለአንድ ጉዳይ ተመርጠው የሚቀመጡ ተራ የሰፈር ሽማግሌዎች አሉ። አውጫጭኝ ደግሞ ከዕርቅ የተለየ ነው፤ ያልታወቀ አጥፊ የሚወጣበት ሸንጎ ነው። ሠንጠረዡ ላይ «ያስታረቀው ማነው» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ መዝገቡ «የአገር ሽማግሌዎች» ብሎ ካለፈው «አልተገለጸም» ተብሎ ይያዝ እንጂ በግምት አበጋር አይባል።

ሌላው፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያሉት ፍርድ ቤቶች በኦሮምኛ ነው የሚሠሩት። ከደሴ መዝገብ ጋር ለማወዳደር የምታስብ ካለች ኦሮምኛ የሚያነብ የሕግ ሰው በጀት ውስጥ ትያዝ። በአስተርጓሚ አፍ የተነበበ የቅጣት ውሳኔ ላይ የአንቀጽ ፊደል ይሳሳታል።

ሐይቅ ዳር

አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እንዲህ አጠበብኩት፦ «ዕርቅ በቅጣት አወሳሰን፦ በደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ጥፋተኛ በተባሉ ተከሳሾች መዝገቦች»። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ቃለ መጠይቅ ይጨመር ወይስ መዝገቡ ይበቃል? ዕርቅ ያልተነሳባቸውን መዝገቦችስ ላንብብ?

ቦርከና

ርዕሱ ጥሩ ነው፤ «አንቀጽ 540» በሚለው ቦታ ግን «በ539 ወይም በ540 ተከሰው» የሚል ይግባበት። ከ540 ወደ 541 የወረዱት ደግሞ እንዳይቀሩ «ጥፋተኛ የተባሉ» የሚለውን ክፍት ተይው። የኮምቦልቻው ያለው ነጥብ ያን ያህል ከባድ ነው።

ቃለ መጠይቅ ይኑር፣ ግን መዝገቡ ካለቀ በኋላ። ከመዝገቡ በፊት ዳኛ ብትጠይቂ የምታገኚው መልስ «መመሪያውን እንከተላለን» ነው። መዝገቡን አንብበሽ ስትመጪ ጥያቄሽ ይለወጣል፦ «የዕርቅ ሰነድ ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ ሲጻፍ በ82(1)(ሠ) ይያዛል ወይ? ተከሳሹ ክዶ ተከራክሮ ሲያበቃ ቤተሰቡ የከፈለው ካሳ የሱ ጸጸት ነው ወይ?» ይህን ዳኛ በአንድ ቃል አያልፈውም። ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃ። ከሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ጨምሪ፤ ስለ ተፈጸመ የተለየ ግድያ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ብቻ ጠይቂ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀልን አለማሳወቅ ያስጠይቃል ይላል፤ ሰውየውን ወደዚያ የሚገፋ ጥያቄ አጥኚም ተጠያቂም ይጎዳል።

ዕርቅ ያልተነሳባቸውንማ ግድ ነው። እነሱ ከሌሉ ከምን ጋር ታወዳድሪያለሽ?

የኮምቦልቻው

በማወዳደሩ ላይ ልጨምር። ዕርቅ የቀረበለት ተከሳሽ ሦስት እርከን ቢቀነስለት «ዕርቁ ቀነሰለት» ማለት ገና አይቻልም። የሚታረቅ ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሰጠ፣ ያመነ፣ የቀድሞ ጥፋት የሌለበት ነው፤ እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ያቀላሉ፣ ገሚሶቹም ያው 82(1)(ሠ) ውስጥ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ያመኑትን ለብቻ፣ የካዱትን ለብቻ ክፈይ፤ ከዚያ በየቡድኑ ውስጥ ዕርቅ ያለውንና የሌለውን አነጻጽሪ። 80 መዝገብ ከዚህ የረቀቀ ስሌት አይሸከምም፤ ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት ሳጥን መቶኛ አትጻፊ፣ «ከ7ቱ 5ቱ» በይ።

መመሪያውም ይለያያል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 1/2002 በቁጥር 2/2006 ተተክቷል። ከ2008 ወዲህ የተፈረደ መዝገብ በሁለተኛው መሠራት ነበረበት፤ ግን ፍርዱ የጠቀሰውን ቁጥር ራስሽ አይተሽ መዝግቢ። መመሪያው ደረጃ ያወጣለትና ያላወጣለት ወንጀል የሚሰላበት መንገድም የተለያየ ነው።

ቆቦ ሜዳ

ርዕስ ለሚፈልግ ሌላ ሰው ደግሞ፣ አንቀጽ 543ን አትርሱ። በቸልተኝነት መግደል፣ በተለይ አሽከርካሪ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለትና የሚሌን መንገድ የሚያውቅ ሰው መዝገቡ እንደማይጠፋ ያውቃል። አሽከርካሪው ብዙ ጊዜ ከሟች ቤተሰብ ጋር ቶሎ ይታረቃል፣ መዝገቡም አጭር ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ሙያዊ ግዴታ ያለበትን፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተበትን ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ የተጣሰበትን ይይዛል። በ2 እና በ3 መካከል ያለው የክስ ምርጫ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ጦሳ ሥር

ይህም ሸጋ ነው፤ ግን የካሳ ክርክሩ ከመድን ሰጪ ጋር ስለሚነካካ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጭምር ይጎትታል።

ሐይቅ ዳር፣ የምዕራፍ ሚዛንሽን እንዲህ አድርጊው፦ ከመቶ ገጽ ጽሑፍ ስለ ተሐድሶ ፍትሕ (ከቅጣት ይልቅ ጉዳትን መካስና ማስታረቅ ላይ የሚያተኩር ፍትሕ) ንድፈ ሐሳብ 15፣ ሕጉ 10፣ ዘዴው 12፣ ግኝቱ 40 እና ከዚያ በላይ። ተማሪ የሚወድቀው ንድፈ ሐሳቡን 45 ገጽ ጽፎ ግኝቱን በ15 ሲጨርስ ነው፤ በዲፌንስ ቀን የሚጠየቀው ግን ግኝቱን ነው።

አጠቃቀስ ላይ ዓመቶቹን አታደባልቂ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 1957፣ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ 1961፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 2004 ይሆናል፤ የወንጀል ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ግን ግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። የሰበር ውሳኔ ስትጠቅሺ ቅጹንና የመዝገብ ቁጥሩን ሁለቱንም ስጪ። አስገዳጅነቱ በአዋጅ 454/1997 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በአዋጅ 1234/2013 ተተክቷል። አንቺ የምታነቢያቸው መዝገቦች ውሳኔ ያገኙት በፊተኛው ጊዜ ነው፤ የኋለኛውን ጠቅሰሽ ዳኛን አትውቀሺ። ረቂቅ የሥነ ሥርዓት ሕግንም እንደዚያው፤ መዝገቦቹ የተመሩት በ1954ቱ ነው።

ሐይቅ ዳር

የመጨረሻ። ዕርቅ ቀርቦ ችሎቱ በቅጣት ውሳኔው ላይ ምንም ሳይል ያለፈባቸውን በየትኛው ሳጥን ላስገባ? ተቀባይነት አላገኘም ልበል?

ቦርከና

አትበይ። «ምላሽ ያልተሰጠው» ብለሽ ሦስተኛ ሳጥን ክፈቺለት። ውድቅ ያደረገ ዳኛ ምክንያት አለው፤ በይግባኝም ይመረመራል። ዝም ያለ ውሳኔ ግን ዕርቁን ሳይጠቅስ እርከኑን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማቅለያዎቹ ዝርዝር ጋር እርከኑን ራስሽ ደግመሽ አስሊው፤ ከተጻፉት ምክንያቶች በላይ የወረደ ቅጣት ካገኘሽ መዝገቡን ለይተሽ አስቀምጪ። የቃለ መጠይቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄ ከነዚያ መዝገቦች ይወጣል።